«ዳይሬክት አድርግልን»

መቼም በሐምሌ ወር ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና በታክሲ ያልሄደ ሰው አዲስ አበባን አውቃታለሁ ቢል አንሰማውም። ዝናቡ ከወጨጫ በኩል ተንደርድሮ ይመጣል። ወያላው ግማሽ አካሉን በበሩ አውጥቶ «አየር ጤና! አየር ጤና!» ይላል። ተጋፍተን እንገባለን። ጃንጥላው ይንጠባጠባል፣ ጫማው ጭቃ ነው፣ የሁሉም ጃኬት እርጥብ ነው። በሩ ይዘጋል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ የፊት መስታወቱ ነጭ ይለብሳል። አንዱ ደፋር መስኮት ሊከፍት እጁን ሲልክ ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ኧረ ልጄ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታኛል!» ይላሉ። ይዘጋል። ሾፌሩ በአንድ እጁ መሪ፣ በሌላ እጁ ጨርቅ ይዞ መስታወቱን እየወለወለ፣ የሻይ ሳህን በምታክል ቀዳዳ አሾልቆ እያየ ይነዳናል።

የሰፈሩ ስም አየር ጤና ነው። ታክሲው ውስጥ ግን አየሩም የለም፣ ጤናውም አያስተማምንም።

ልብ ብላችሁ ከሆነ ከሬዲዮው አካባቢ ሦስት ማዞሪያዎች አሉ። አንዱ ከ1 እስከ 4 ቁጥር አለው። አንዱ ከሰማያዊ ወደ ቀይ ይሄዳል። አንዱ ደግሞ አየሩ ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ መስታወት እንዲሄድ ያዛል። እነዚህ ማዞሪያዎች የተሠሩት ለዚህች ሰዓት ነበር። ሾፌሩን ብትጠይቁት ግን መልሱ አንድ ነው፤ «አይሠራም»። ለምን ስትሉ «በዚህ ብርድ ኤሲ ምን ያደርጋል?» ይላችኋል። ተሳፋሪውም ይስቃል። እኛም ስንስቅ ኖረናል። ዘንድሮ ግን ሳቁ አልመጣልንም። ለምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ከአንዳችን ወንድም በውርስ ይሁን በአደራ ያልለየላት አንዲት አሮጌ መኪና አለችን። ቤንዚኑን በመዋጮ እንሞላለን፣ ስትበላሽም በመዋጮ እናዝናለን። አምና በጋ ላይ የፋኗ 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ሥራ አቆሙ። 4 ቁጥር ብቻ ቀረ። እሱም እንደ ወፍጮ ቤት ይጮሃል። «4 ካለ ምን ጎደለ» ብለን ተውነው። ክረምቱ ሲገባ 4 ቁጥርም ሞተ። ያኔ ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ወጣት ኤሌክትሪሻን ወሰድናት። ልጁ ዳሽቦርዱን ከፍቶ አየና «ሶኬቱ ቀልጧል፣ ሬዚስተሩም ሄዷል፣ ዕቃ ይግዙ» አለን። እኛ ደግሞ የወሩ መጨረሻ ላይ ነን። ምን አልነው መሰላችሁ? «ወንድሜ፣ ለጊዜው ዳይሬክት አድርግልን።»

እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር። ልጁ አንገራገረ። «ጥሩ አይደለም» ብሎናል። የለመንነው እኛ ነን። እሱም ከሲጋራ መለኮሻው ጀርባ አንድ ቀጭን ሽቦ ስቦ፣ መሀል ላይ የቤት መብራት የምትመስል ማብሪያ ሰክቶ፣ ከፋኑ ሞተር ጋር አገናኘልን። ፋኑ ነፈሰ። እኛም «ጀግና!» አልነው። ክፍያው የሁለት ማኪያቶ ዋጋ ቢሆን ነው።

ሦስት ሳምንት ያህል ነፈሰ። አንድ ማታ ዝናቡ ሲያወርደው፣ 18 ማዞሪያን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተን። ከዳሽቦርዱ ሥር ቀጭን ጭስ ወጣ፣ ፋኑ ቀጥ አለ፣ መስታወቱም በአንድ ጊዜ ነጭ ሆነ። መሪ የያዘችው ጓደኛችን በእጅጌዋ ስትጠርግ ከፊታችን ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አንዲት እናት መንገዱን እያቋረጡ ነበር። ፍሬኑ ያዘ። በእሳቸውና በኮፈናችን መካከል የቀረው ርቀት አንድ እርምጃ አይሞላም። እናታችን ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው አዩንና «ምነው ልጆቼ፣ አላያችሁኝም?» አሉ። አልተሳደቡም። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር።

አላየናቸውም። ይኼ ጽሑፍ የተጻፈው ስላላየናቸው ነው።

በማግስቱ መኪናዋን እየገፋን ወደ አጠና ተራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሻን ወሰድናት። ጋሼ እንበላቸው። ጋሼ የቀለጠችውን ሽቦ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ይቺን ማን ነው የሰጣችሁ?» አሉ። ዝም አልን። «እናንተ ናችኋ የጠየቃችሁት» ብለው ራሳቸው መለሱልን። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ሻይ እየጠጣን፣ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ያላገኘነውን ትምህርት ሰጡን። እንደገባን እናካፍላችሁ።

ጋሼ እንዳሉት በብዙ የጃፓን መኪኖች የፋኑ መንገድ እንዲህ ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ ይነሳል፣ ፊውዝ ውስጥ ያልፋል፣ ሪሌ ይከፍትለታል፣ ወደ ፋኑ ሞተር ይገባል። ከሞተሩ ወጥቶ ወደ ሬዚስተሩ ይሄዳል፣ ከሬዚስተሩ ወደ ማዞሪያው፣ ከማዞሪያው ወደ ኔጋቲቭ። ኔጋቲቩ የመኪናው ብረት ራሱ ነው። እንግዲህ 1 ቁጥር ላይ ስታደርጉት ኤሌክትሪኩ በሬዚስተሩ ጠመዝማዛ ሽቦ ሁሉ ውስጥ ተጨናንቆ ስለሚያልፍ ፋኑ ቀስ ይላል። 2 እና 3 ላይ መንገዱ እያጠረ ይሄዳል። 4 ላይ ሬዚስተሩን ጨርሶ ዘሎ በቀጥታ ያልፋል። ለዚህ ነው 1፣ 2 እና 3 ሞተው 4 ብቻ ሲሠራ ሐኪም ሳያስፈልግ በሽታው የሚታወቀው፤ ሬዚስተሩ ተቃጥሏል ማለት ነው።

ሬዚስተሩ ለምን ይቃጠላል? ራሱ ሥራው መጋል ነው። ስለሚግልም የተቀመጠው አየሩ በሚያልፍበት ቱቦ ውስጥ ነው፤ ፋኑ የሚነፍሰው ነፋስ እሱኑ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። ፋኑ በቆሻሻ ከታፈነ ነፋሱ ይቀንሳል፣ ሞተሩም ለመዞር ሲታገል ከአቅሙ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል። ያኔ ሬዚስተሩ ላይ ያለችው ትንሽ የሙቀት ፊውዝ ትበጠሳለች። ጋሼ የእኛን ፋን አውጥተው ሲያራግፉት ምን ወጣ መሰላችሁ? አንድ እፍኝ የባህር ዛፍ ቅጠል። ኮልፌ አይደል ያለነው! መኪናችንን ዓመት ሙሉ ዛፍ ጥላ ሥር እያቆምን «ጥላ አገኘን» ስንል፣ ቅጠሉ ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ወንፊት እየገባ ፋኑን ሲያንቀው ኖሯል።

አሁን ወደ ቀጭኗ ሽቦ እንምጣ። የመኪና ፋን በከፍተኛው ቁጥር 20 አምፔር አካባቢ ሊስብ ይችላል። በ12 ቮልት ስታባዙት 240 ዋት ማለት ነው። የእኛ ሽቦ ምናልባት ለራዲዮ ድምፅ ማጉያ ትበቃ ይሆናል። ጋሼ አንዲት ነገር አስታወሱን፤ በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። የትምህርት ቤት ፊዚክስ ነው፣ ተፈትነንበት አልፈናል። ለፈተና እንጂ ለኑሮ አልተማርነውም መሰለን።

ጋሼን «ፊውዙስ ለምን አላዳነንም?» ብለን ጠየቅናቸው። ሳቁ። «የቷ ፊውዝ? ዳይሬክት ስትሉ እኮ ፊውዟን ዘላችኋታል። ፊውዝ ሥራዋ መሞት ነው ልጆቼ። እሷ ካልሞተች መኪናው ይሞታል፣ መኪናው ካልሞተ ሰው ይሞታል።» ይችን አባባል ቤታችን ግድግዳ ላይ ልንጽፋት ነው።

ኤሲው ላይ ደግሞ ጉዳዩ ትንሽ ይረቅቃል። የኤሲዋን ቁልፍ ስትጫኑ ኮምፕረሰሩ ወዲያው አይነሳም፤ መጀመሪያ ጥያቄ ይቀርባል። ፋኑ ይዞራል ወይ? ጋዙ በቂ ግፊት አለው ወይ? ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ ራዲያተር በረዶ ሊሠራ ደርሷል ወይ? ሁሉም «ደህና ነው» ሲሉ ብቻ ሪሌው ከፍቶ ኮምፕረሰሩን ያስነሳል። እኛ አገር ጋዙ ሲያልቅ የግፊት መቆጣጠሪያው ኤሲውን ያጠፋዋል። ባለመኪናው «ዳይሬክት አድርግልኝ» ይላል። ሁለት ሽቦ ይገናኛል፣ ኮምፕረሰሩ ይነሳል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። ነገር ግን ኮምፕረሰሩን የሚያለሰልሰው ዘይት የሚዘዋወረው ከጋዙ ጋር ነው። ጋዝ ከሌለ ዘይት አይደርሰውም፤ ደርቆ ይነክሳል። የጥቂት ጋዝ ሒሳብ የነበረው የሙሉ ኮምፕረሰር ሒሳብ ሆኖ ይመጣል።

እዚህ ላይ «ቅንጦት» ለሚሉን መልስ አለን። ኤሲ ማለት ማቀዝቀዣ ብቻ አይደለም፣ ማድረቂያም ነው። እርጥቡ አየር በቀዝቃዛው ራዲያተር ላይ ሲያልፍ ውሃውን እዚያው ጥሎ ይወጣል። ኤሲ ከፍቶ ከቆመ መኪና ሥር ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ እሱ ነው። ደርቆ የወጣው አየር ማሞቂያው ላይ ሞቆ መስታወቱ ላይ ሲነፍስ ጉሙ በአንድ አፍታ ይገፈፋል። ስለዚህ በብርድ ኤሲና ማሞቂያ አብረው ቢከፈቱ ሞኝነት አይደለም፣ የተሠሩበት ዘዴ ነው። ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ለምትገኝ፣ ክረምቷ ለማይጨክንላት ከተማ ይኼ የሾፌር ዓይን ነው። ዓይን ደግሞ ቅንጦት ተብሎ አያውቅም።

መቆጣጠሪያ የሌለው ነገር ምን እንደሚመስል ከፈረንጆቹ ታሪክ አንድ እንጨምር። ፓካርድ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ኤሲ አቅርቦ ነበር። ችግሩ ኮምፕረሰሩን ከሞተሩ የሚያላቅቅ ነገር አልነበረውም። ኤሲው እንዲቆም የፈለገ ሰው መኪናውን አቁሞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኑን ከፍቶ ቀበቶውን በእጁ ማውለቅ ነበረበት! ከዚያ ወዲህ የመጣው ሬዚስተር፣ ሪሌ፣ የግፊት መቆጣጠሪያ ሁሉ ሰው እጁን ሳያቆሽሽ፣ ዓይኑንም ከመንገዱ ሳያነሳ እንዲያዝ የታሰበ ነው። እኛ «ዳይሬክት» ባልን ቁጥር ወደ ፓካርድ እየተመለስን ነው ማለት ነው።

ግን እኮ፣ የሚሉ ይኖራሉ፣ ድሃ አገር ነው። ዕቃው ውድ ነው። ባለታክሲው ለሬዚስተር አንድ ቀን ሶማሌ ተራ ሲዞር ቢውል የዚያን ቀን ገቢ ማን ይተካለታል? ልክ ናቸው። የሰፈራችን ኤሌክትሪሻኖችም ምንም ሥዕል ሳያዩ፣ በአንዲት ቴስተር መብራትና በጣታቸው ስሜት ብቻ የሞተ መኪና ሲያስነሱ አይተናል፤ ባርኔጣ እናነሳለን። ብልሃት አይጥፋብን። እኛ የምንለው ብልሃትና ዳይሬክት ይለያዩ ነው። ጋሼ ራሳቸው ለእኛ አዲስ ዕቃ አልገዙልንም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ሬዚስተር አገኙ፣ የቀለጠውን ሶኬት ቆርጠው በተገቢው ውፍረት ሽቦ ቀጠሉ፣ በትክክለኛው አምፔር ፊውዝ ሰኩ። ዋጋው ከዳይሬክቱ ይበልጣል፣ ግን ከሚቃጠል ዳሽቦርድ በብዙ ያንሳል። ድሃ ነን ብለን ሁለት ጊዜ መክፈል ምን የሚሉት ቁጠባ ነው?

የሚያሳስበን ግን ከእኛ አሮጌ መኪና ያልፋል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ይፋ አድርገዋል። ይኸው ዛሬ በቤቴልም በዓለም ባንክም ድምፅ የሌላቸው መኪኖች ያልፉናል። በእነሱ ውስጥ የኤሲና የማሞቂያ ነገር ሌላ ዓለም ነው። ሞተር ስለሌለ ኮምፕረሰሩን የሚያዞር ቀበቶ የለም፣ ለማሞቂያ የሚሆን የሞተር ሙቅ ውሃም የለም። ብዙ ጊዜ ሁለቱም የሚሠሩት ከትልቁ ባትሪ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ነው። በብዙዎቹ መኪኖች ይኼ ከ300 ቮልት በላይ ነው። ብርቱካናማ ቀለም የተቀባው ወፍራም ገመድ እሱን የተሸከመ ነው።

በ12 ቮልት ላይ ዳይሬክት ያደረገ ሰው ቢከፋ ሽቦ ያቃጥላል፣ ቢብስበት መኪና። በ300 ቮልት ላይ ዳይሬክት የሞከረ ሰው ግን ወደ ቤቱ ላይመለስ ይችላል። የለመድነው ዘዴም አይሠራም። በድሮው መኪና የመኪናው ብረት ኔጋቲቭ ስለሆነ ቴስተሩን ብረቱ ላይ ነክሰን እንፈትሻለን። በኤሌክትሪክ መኪና ከፍተኛው ቮልት ሆን ተብሎ ከብረቱ ጋር እንዳይገናኝ ተደርጓል፤ የቴስተሯ መብራት አለመብራቷ «ኤሌክትሪክ የለም» ማለት አይደለም። አጥፍቶ፣ ማላቀቂያውን ነቅሎ፣ የቀረው ኃይል እስኪወጣ መመሪያው በሚለው ልክ ጠብቆ፣ በትክክለኛ መሣሪያ ዜሮ መሆኑን አረጋግጦ፣ የኤሌክትሪክ ጓንት አድርጎ ነው የሚነካው። ዘይቱ ሳይቀር ይለያል። ለቀበቶ ኮምፕረሰር የሚሞላው የተለመደ ዘይት በኤሌክትሪክ ኮምፕረሰር ውስጥ ከገባ ኤሌክትሪክ ሊያስተላልፍ ይችላል። ያንን የማያውቅ ቅን ሠራተኛ ጋዝ ሞላሁ ብሎ መኪና ያበላሻል።

ይኼን ሁሉ ለዚያ የኮልፌ ወጣት ኤሌክትሪሻን በየትኛው ቋንቋ ማን ነገረው? የሽቦው ሥዕል ያለው በእንግሊዝኛ ነው፣ የአንዳንዱ መኪና ስክሪን ደግሞ ቻይንኛ ነው። አያቶቻችን ከጣሊያን ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ስፖኪዮ ብለው ቃሉንም ሙያውንም አንድ ላይ ወስደው የራሳቸው አደረጉት። እኛ የተማርነው ትውልዶች የሬዚስተርን ሥራ በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈን ጋራዥ ግድግዳ ላይ መለጠፍ አቅቶናል። ጋዜጠኝነት ስንማር ስለ «ልማታዊ ዘገባ» ስንት ወረቀት ሠርተናል! አንዳችንም ግን ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ከዳሽቦርድ ሥር ስለተጋደመ ሰው አንድ አንቀጽ አልጻፍንም። ይኼ ጥፋት የእኛ ነው፣ ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ጀምረናል።

ሌላው የሁላችን ነው። የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የኤሌክትሪክ መኪና ሥልጠናን ለአዲስ ተማሪ ብቻ ሳይሆን ሃያ ዓመት ጋራዥ ለኖረውም ሰው በማታና በቅዳሜ ይስጡት። መኪና የሚያስገቡ ነጋዴዎች የሽቦውን ሥዕልና የጥንቃቄ መመሪያውን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን ከመኪናው ጋር ያስረክቡ። ቦሎ ሲታደስ ፍሬንና መብራት እንደሚታየው ሁሉ ፋኑ መስታወቱ ላይ መንፈሱም በጥብቅ ይታይ። ደንበኛው፣ ማለት እናንተና እኛ፣ ደግሞ «ስንት ነው?» ከማለታችን በፊት «ፊውዝ አለው?» እንበል።

እስከዚያው የሚጠቅማችሁን እንንገራችሁና እናብቃ። መስታወት ጉም ሲለብስ፣ የሚዞር ቀስት ያለበትን ቁልፍ አጥፉት፤ እሱ የውስጡን እርጥብ አየር መልሶ የሚያዞር ነው። አየሩን ወደ መስታወት አዙሩት፣ ሙቀቱን ወደ ቀይ አድርጉት፣ ኤሲ ካለም ክፈቱት። 1 ቁጥር ሲሞት 4 እስኪሞት አትጠብቁ። ከፊት መስታወቱ ሥር የተጠራቀመውን ቅጠል አንሱ። ፊውዝ ከተቃጠለ ምክንያቱን ፈልጉ እንጂ በሚበልጥ ፊውዝ ወይም በሲጋራ ወረቀት አትተኳት።

ታክሲ ውስጥ ከሆናችሁና ከኋላ ያሉት እናት «ነፋስ ይመታኛል» ካሉ አትጨቃጨቁ፤ እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ዝቅ ብላችሁ ለሾፌሩ «ጋሼ፣ ፋኑን ወደ መስታወት ቢያዞሩት?» በሉት። «አይሠራም» ካላችሁ፣ አጠና ተራ አካባቢ ሻይ እያጠጡ የሚያስተምሩ አንድ ኤሌክትሪሻን እናውቃለን።

ቸር ያሰማን።